የጨርቃ ጨርቁ አለቃና አራቱ ፕሮግራመሮች

በዚህ ሳምንት ስለ ጨዋታ ነው የማጫውታችሁ። ጨዋታ ስል የገበጣውን ወይም የካርታውን ማለቴ አይደለም። ልጆቻችን ዓይናቸውን ተክለው የሚያድሩበትን የኮምፒዩተር ጨዋታ፣ እነሱ «ጌም» የሚሉትን ማለቴ ነው። «ይኼ ሰውዬ በስተርጅና ምን ነካው?» እንዳትሉኝ፤ ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ሽምግልና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ድምጿን ስሰማ ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ና ይሄን ልጅ ምከርልኝ፤ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ሊጥል ነው» አለችኝ። ልጅ የምትለው የ29 ዓመት ጎልማሳ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የስልክ ጌም በሚሠራ አንድ ኩባንያ ከተቀጠረ አምስት ዓመት አልፎታል። ጥሩ ደመወዝ አለው፣ የጤና ኢንሹራንስ አለው፣ የእናቱንም የቤት ዕዳ አብሯት የሚከፍለው እሱ ነው። አሁን «ሥራዬን ለቅቄ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የራሳችንን ኩባንያ ልናቋቁም ነው» ብሎ ተነሥቷል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እህቴ ቤት ቡና ላይ ተቀመጥን። «ምን ጎደለህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ስሜ ነው የጎደለኝ» አለኝ። እሱና ጓደኞቹ ሁለት ዓመት ተኩል የደከሙበት ጌም ሲወጣ፣ መጨረሻው ላይ በሚያልፈው የሠሪዎች ዝርዝር ውስጥ የሦስቱም ስም የለም። ቢጠይቁ «ሥራው የኩባንያው ነው እንጂ የግለሰብ አይደለም» ተባሉ። የአለቆቹ ስም ግን ከላይ በትልቁ ተጽፏል። እናቱ ጣልቃ ገባችና «ስም ይበላል? ስም የቤት ዕዳ ይከፍላል?» አለች። ቡናው ሁለተኛው ላይ ቀዘቀዘ።

እውነቱን ለመናገር የኔም ልብ ወደ እህቴ ያደላ ነበር። ልጁ ግን «ጋሼ፣ ከመፍረድዎ በፊት የአታሪንና የአክቲቪዥንን ታሪክ ያንብቡልኝ» አለኝ። የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ጠየቅኩና ማንበብ ጀመርኩ። እነሆ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አታሪ የተቋቋመው በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። መሥራቾቹ ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ ሥራቸውን ሲጀምሩ እያንዳንዳቸው ያዋጡት 250 ዶላር ነበር። ስሙን የወሰዱት ጃፓኖች «ጎ» ብለው ከሚጠሩት የጠጠር ጨዋታ ነው፤ ጠጠርህን ልበላት ነው፣ ተጠንቀቅ እንደ ማለት ነው። አል አልኮርን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ቀጠሩና ለመለማመጃ ያህል በስክሪን ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ እንዲሠራ አዘዙት። ሠራውም፤ «ፖንግ» ተባለ። የመጀመሪያውን ማሽን ሰኒቬል በምትባለው ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሙከራ አቆሙት። ብዙም ሳይቆይ «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» ተብሎ ተደወለ። አልኮርን ሄዶ ቢከፍተው፣ ብልሽቱ ሌላ ሳይሆን የሳንቲም መያዣው ጢም ብሎ መሙላቱ ነበር። አታሪ እንዲህ ሆኖ ነው ሀብት ውስጥ የገባው።

ይሁንና በቴሌቪዥን ላይ መጫወት ይቻላል ብሎ ቀድሞ ያሰበው ሌላ ሰው ነው። ራልፍ ቤር ይባላል፤ እንደኛው ስደተኛ ነው። ጀርመን የተወለደ ይሁዲ ሲሆን በ1938፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከሂትለር አምልጦ አሜሪካ ገባ። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ የአውቶቡስ ጣቢያ ሰው ሲጠብቅ ሐሳቡ መጣለትና እዚያው በወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገው። ወደ ቢሮው ሲመለስ አራት ገጽ አድርጎ በደንብ ጻፈው፤ ቀኑን ጻፈበት፣ የሥራ ባልደረባውንም አስፈረመበት። ከዚያ ሐሳብ የተወለደው «ኦዲሲ» የተባለው መጫወቻ በ1972 በማግናቮክስ ኩባንያ በኩል ገበያ ላይ ዋለ። ፖንግ ከሱ ላይ ተወሰደ ተብሎ አታሪ ተከሰሰና በ1976 የፈቃድ ክፍያ ለመክፈል ተስማምቶ ተገላገለ። የቤር ማስታወሻዎች ከዚያ በኋላም በነበሩት የፍርድ ቤት ክርክሮች ብዙ ጠቅመዋል። ይህችን ቀን የተጻፈባትና የተፈረመባት ወረቀት እባካችሁ አትርሷት፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያው በ1976 ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ የተባለው የፊልምና የሙዚቃ ኩባንያ አታሪን በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዓመቱ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የቤት ውስጥ መጫወቻ አወጡ። ሰው ማሽኑን አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ካርትሪጅ እየቀያየረ አዲስ አዲስ ጨዋታ ይጫወታል። ትርፉ ያለው ካርትሪጁ ላይ ነው።

ታዲያ ካርትሪጁን ማን ይሠራዋል? እኔን ያስገረመኝ ይኼ ነው። ዛሬ አንድ ትልቅ ጌም በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይሠራዋል። ያን ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ነበር፤ ሐሳቡን የሚያፈልቀው፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈው፣ ሥዕሉን የሚሥለው፣ ድምፁን የሚያሰማው ያው አንድ ሰው። የማሽኑ የሥራ ማስታወሻ 128 ባይት ነበር። ዛሬ አንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ብዙውን ጊዜ 3 ባይት ይወስዳል፤ እንግዲህ ያ ማሽን በአንድ ጊዜ ሊያስታውስ የሚችለው 42 የኛን ፊደላት ብቻ ነው ማለት ነው። ሙሉ ሥዕል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ ፕሮግራመሩ የቴሌቪዥኑ ጨረር መስመር በመስመር ሲወርድ እየተከተለ በየቅጽበቱ ምን መሣል እንዳለበት ማዘዝ ነበረበት። ከዚህ ጠባብ ጎጆ ውስጥ ነው አውሮፕላኑን፣ ዘንዶውንና ቤተ መንግሥቱን የሚያወጡት። ሥራ ሳይሆን ጥበብ ነው።

ዋርነር በዘፋኝ ሸክላ ላይ የዘፋኙን ስም ያትማል። በፊልሙ ማስታወቂያ ላይ የተዋናዩን ስም በትልቁ ይጽፋል፤ ከሽያጩም ድርሻ ይከፍላል። በጨዋታው ካርቶን ላይ ግን «አታሪ» ከሚለው በቀር የሠሪው ስም አልነበረም። አንዱ ምክንያት ስማቸው ከታወቀ ሌላ ኩባንያ ይወስድብናል የሚል ፍርሃት እንደነበረ ይነገራል። ቡሽኔል ከዋርነር ሰዎች ጋር ተጣልቶ ሲወጣ በቦታው የተሾመው ሬይ ካሳር ነበር። ካሳር በርሊንግተን ከሚባለው ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ የመጣ፣ መሸጥና ማስተዳደር የሚችል ሰው ነው። ሽያጩን ከፍ አደረገው፤ ይህንን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ከጣቃና ከፎጣ ዓለም የመጣ በመሆኑ፣ ፕሮግራመሮቹ ለሱ ከተራ የፋብሪካ ሠራተኛ አይለዩም ነበር።

በ1979 የኩባንያው የሽያጭ ክፍል አንድ ወረቀት በተነ። የትኛው ካርትሪጅ ምን ያህል እንደተሸጠ የሚዘረዝር ነው። የወረቀቱ ዓላማ «እንዲህ ያለ ጨዋታ ሥሩ» ለማለት ነበር። አራት ፕሮግራመሮች፣ ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አለን ሚለርና ቦብ ዋይትሄድ፣ ወረቀቱን ይዘው ደመሩ። የካርትሪጁ ሽያጭ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ የሚሆነው የመጣው እነሱ አራቱ ከሠሯቸው ጨዋታዎች ነው። የያንዳንዳቸው ደመወዝ ደግሞ በዓመት ከ20 እስከ 30 ሺህ ዶላር ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ተያይዘው ካሳር ዘንድ ገቡ። የጠየቁት እንደ ዘፋኞቹ ትንሽ የሽያጭ ድርሻና ስማቸው በካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ ነው። ክሬን በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ካሳር የመለሰላቸው በፋብሪካው መስመር ላይ ካርትሪጁን ከሚገጣጥመው ሰው እንደማይበልጡ ነው። ይህችንም ንግግር ያዙልኝ። አራቱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ሌላው ደግሞ አለ፤ ዋረን ሮቢኔት ይባላል። እሱ አልጮኸም፣ አቤትም አላለም። «አድቬንቸር» የሚለውን ጨዋታ ብቻውን ሠራና በውስጡ አንድ ምሥጢራዊ ክፍል ደበቀ። ወደ ክፍሉ የሚያስገባው ከግድግዳው ቀለም ጋር የሚመሳሰል አንድ ነጥብ ነው። ያቺን ነጥብ አግኝቶ የገባ ሰው የሠሪውን ስም በሚያብረቀርቅ ፊደል ያነባል። ሮቢኔት ለማንም ሳይናገር በ1979 ሥራውን ለቀቀ፤ ካርትሪጁ ተባዝቶ ለገበያ ወጣ። ምሥጢሩን ያገኘው አንድ አዳጊ ልጅ ሲሆን ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ። አለቆቹ ቢናደዱም ካርትሪጁን እንደገና ለማረም የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ ስለሆነ ተዉት። እንዲያውም አንዱ ኃላፊ በፋሲካ ልጆች ፈልገው እንደሚያገኙት የተደበቀ እንቁላል ነው ብሎ ስም አወጣለት፤ እስከ ዛሬም በጌም ውስጥ የሚደበቅ ነገር ሁሉ «የፋሲካ እንቁላል» ይባላል። የኛ የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ ስሙን ጠቅሶ ጸልዩልኝ ይላል እንጂ ስሙን እንደ ሌባ አይደብቅም። የሰውን ልጅ በገዛ ሥራው ውስጥ እንዲደበቅ ያደረገ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው?

ወደ አራቱ ልመለስ። እነዚህ ሰዎች በንዴት በር ወርውረው ባዶ እጃቸውን አልወጡም። ጂም ሌቪ የሚባል ከሸክላ ሙዚቃ ንግድ የመጣ ሥራ አስኪያጅ አገኙ። እሱ ደግሞ 700 ሺህ ዶላር ገደማ የሚያዋጣ ባለገንዘብ አገኘላቸው። በጥቅምት 1979 አክቲቪዥን ተቋቋመ። ከዚያ በፊት ለማሽኑ ጨዋታ የሚሠራው ራሱ የማሽኑ ባለቤት ብቻ ነበር፤ የሌላውን ማሽን ሳይሠራ ጨዋታውን ብቻ ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ ይህ የመጀመሪያው ሆነ። አታሪ ምሥጢሬን ሰረቃችሁ ብሎ በ1980 ከሰሳቸው። ነገሩ በ1982 በስምምነት አለቀ፤ አክቲቪዥን ለአታሪ የፈቃድ ገንዘብ እየከፈለ ሥራውን ቀጠለ።

አክቲቪዥን በመጀመሪያ ያደረገው ነገር የሠሪውን ስም በካርቶኑ ላይ ማተም ነው። በመመሪያው ውስጥም ፎቶግራፉን አወጣ፤ ሠሪው ራሱ ለተጫዋቹ ምክር ይሰጣል። ክሬን በ1982 ያወጣው «ፒትፎል» ከአራት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ቀደም ሲል አታሪ የሠራችው ካሮል ሾው የምትባል ፕሮግራመርም በዚያው ዓመት «ሪቨር ሬድ»ን ሠራች፤ የሷም ስም ታተመ። አታሪ ራሱ ሌሎቹ ፕሮግራመሮች ጥለውት እንዳይሄዱ ሲል ከሽያጭ ጉርሻ መክፈል ጀመረ። ቀድሞ ቢያደርገው ኖሮ አራቱን ባላጣ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሳነብ የእህቴን ልጅ «እሰይ! ጥለህ ውጣ!» ልለው ስልኬን አንሥቼ ነበር። ደግነቱ ቀጥዬ አነበብኩ።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ሁሉም ገባበት። የቁርስ አጃ የሚሸጠው ኩዌከር ኦትስ ሳይቀር የጌም ክፍል አቋቋመ። ገበያው በጥራጊ ተሞላ፤ በ30 ዶላር የሚሸጠው ካርትሪጅ በ5 ዶላር ቅርጫት ውስጥ ተጣለ። አታሪ ደግሞ በ1982 «ኢ.ቲ.» በሚለው ታዋቂ ፊልም ስም ጨዋታ ለማውጣት ቸኮለና፣ ብዙ ወራት የሚፈጀውን ሥራ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የሚባል አንድ ፕሮግራመር በአምስት ሳምንት እንዲጨርስ አደረገ። ሰውዬው ጨረሰው፤ ገዢው ግን ጠላው፤ ብዙው ካርትሪጅ ወደ መጋዘን ተመለሰ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ደረሰ። አታሪ በ1983 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ያልተሸጡ ካርትሪጆች በከባድ መኪና ተጭነው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በሚባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ተቀበሩ። ብዙ ሰው ተረት ነው ይል ነበር፤ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። በ1984 ዋርነር የቤት መጫወቻውንና የኮምፒዩተሩን ክፍል ሸጦ ተገላገለ።

አክቲቪዥንም ከጎርፉ ደረቅ ሆኖ አልወጣም። 1980ዎቹ ሳያልቁ ከአምስቱ መሥራቾች አንድም በቤቱ ውስጥ አልቀረም፤ ሚለርና ዋይትሄድ በ1984 ወጥተው ሌላ ኩባንያ አቋቋሙ። የአክቲቪዥን ስም ወደ ሌላ እጅ ገባና ከዓመታት በኋላ እንደገና ግዙፍ ሆነ። በ2010 ደግሞ ይኸው ኩባንያ «ኮል ኦፍ ዱቲ» የሚባለውን የጦርነት ጌም ከፈጠረው ክፍል ሁለቱን መሪዎች፣ ጄሰን ዌስትንና ቪንስ ዛምፔላን፣ አባረረ። ኩባንያው «ውል አፈረሱ» አለ፤ እነሱ «ጉርሻችንን ላለመክፈል ነው» ብለው ከሰሱ። በደርዘን የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተከትለዋቸው ወጡ፤ እነሱም ሌላ ኩባንያ አቋቋሙ። ክሱ በ2012 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። አያችሁ? ድርሻችን ተከለከለ ብለው በወጡ ሰዎች የተመሠረተው ቤት ከ31 ዓመት በኋላ ድርሻ ከለከለ ተብሎ ተከሰሰ። በ2023 ማይክሮሶፍት በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛው፣ ከካርቶኑ ላይ ስማቸው የታተመው የዚያ ዘመን ልጆች አንዳቸውም እዚያ አልነበሩም።

ካሳር የተናገራትን ንግግር ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ብዙ ጸሐፊ ንግግሯን የሚጠቅሳት ፕሮግራመሮቹን አዋረደ ለማለት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ የፋብሪካ መገጣጠሚያ መስመር ላይ ነበር፤ አራት ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ። «ከገጣጣሚው አትበልጡም» ማለት በራሱ ስድብ አይደለም፤ ስድብ የሚሆነው ገጣጣሚውም ምንም አይደለም ከሚል አፍ ሲወጣ ነው። ለዚህም ማስረጃ አለኝ። በየካቲት 1983 አታሪ ማምረቻውን ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ታይዋን እንደሚያዛውር ሲያስታውቅ፣ 1,700 የሚሆኑ የአሜሪካ ሠራተኞች ከሥራ እንደሚወጡ ተነገራቸው። ፕሮግራመሩ ወጥቶ ኩባንያ ያቋቁማል፤ ገጣጣሚው ወጥቶ የት ይሄዳል? ስለነዚያ 1,700 ሰዎች የተጻፈ መጽሐፍ ብፈልግ አላገኘሁም።

በቀጠሮዬ ቀን እሑድ እህቴ ቤት ተገኘሁ። መጀመሪያ ለእናትየው ተናገርኩ፤ «እትዬ፣ ስም አይበላም ያልሽው ልክ አይደለም። የዚህ ልጅ ነገ የሚቀጠረው፣ ነገ የሚታመነው በሠራው ሥራ ነው፤ ሥራው ላይ ስሙ ከሌለ አምስት ዓመቱ አየር ነው። ልጁ አልቀበጠም» አልኳት። ዝም አለች።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞርኩ። «አንተም ስማ። አራቱ ሲወጡ ንግድ የሚያውቅ ሰው ነበራቸው፤ ገንዘብ ነበራቸው። አንተ ሁለቱም የሉህም፤ ጓደኞችህ እንዳንተው ፕሮግራመሮች ናቸው። ስትቀጠር የፈረምከው ወረቀት ምን ይላል?» አልኩት። አላነበበውም። አምስት ዓመት ሙሉ! «እንግዲህ ውሉን ለጠበቃ አሳይ። ስማችን ይግባ ብላችሁ ሦስታችሁም በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቀን ይኑረው፣ ፊርማ ይኑረው፣ እንደዚያ እንደ ስደተኛው ሰውዬ። በቃል የተጠየቀ በቃል ይካዳል። የእናትህን የቤት ዕዳ የስድስት ወር ክፍያ ለብቻው ሳታስቀምጥ ደግሞ በሩን እንዳትነካው» አልኩት።

«ከዚያ በኋላስ ጋሼ?» አለኝ።

«ከዚያ በኋላ እምቢ ካሏችሁ ውጡ፤ እኔም እመርቃችኋለሁ። ግን አንድ ነገር ትምልልኛለህ። አለቃ በሆንክ በመጀመሪያው ቀን የሠሪውን ሁሉ ስም የሚያስጽፍ ደንብ ታወጣለህ፤ የፕሮግራመሩን ብቻ ሳይሆን ማታ መጥቶ ቢሮውን የሚያጸዳውንም ጭምር።» ሳቀ። «ጋሼ፣ ዝርዝሩ በጣም ይረዝማል እኮ» አለኝ። «ይርዘም» አልኩት።

ደብዳቤውን ባለፈው ማክሰኞ አስገብተዋል፤ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። እህቴ ጠዋት ጠዋት እየደወለች «መጣ?» ትላለች። ከሁለታችን ማን ይበልጥ እንደምንጠብቅ እንጃ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።